እንዳትንቀሳቀሺ

ሃያ ሁለት ዓመት ጠባሴ ላይ ኖርሁ፣ ሰው ሳስቀምጥ፣
ከሰማያዊ ሸራ ፊት፣ በርጩማ ላይ፣ ቀጥ።
ለሁሉም የምትሆን አንድ ኮት አለችኝ፣ ኮሌታዋ የነጣ፣
ስንቱ በእሷ ተከብሮ መታወቂያ ያወጣ።
«አገጭ ቀና፤ ዓይን ወደ እኔ፤ እንዳትንቀሳቀስ፤»
ይኸው ነው እንጀራዬ፣ ሽማግሌ ሲስቅ፣ ሕፃን ሲያለቅስ።

መምህር ወልደሰንበት ናቸው፣ ከትምህርት ቤት መጋዘን
ቴሌስኮፕ ያወጡልኝ፣ አቧራ የጠጣ፣ የሚከብድ ሲመዘን።
«የዓይኑን መነጽር አውልቀህ ካሜራህን ትከልበት» አሉ፤
የአንዱ አፍ ሰፊ፣ የአንዱ ጠባብ፤ አንጋባም ይባባላሉ።
ወሰድሁት ቶርኖ ቤት፣ ጥላዬ ዘንድ፣ ከቧንቧ ቁራጭ ቀለበት ላሠራ፤
«የማን ሰርግ ነው?» አለኝ፣ ከብረቱ የእሳት ፍንጣሪ እያበራ።
«የካሜራና የጨረቃ» አልሁት። ሳቀ፤ ሒሳብም አልተቀበለ፤
«ሥዕሏን ብቻ አምጣልኝ፣ በሬ ላይ ልስቀላት» አለ።

ብርሃን ነው የከተማዬ ስሙ፤ ግን በብርሃን አይታይም ኮከብ፣
የፋብሪካው መብራት እንደ ዓይን ሞራ ሰማዩን ሲከብ።
በኅዳር፣ ጨረቃ አምስት ቀኗ ሲሆን፣ በገብስ ጫኝ አይሱዙ ጀርባ
አንኮበር መንገድ ላይ ወረድን፣ ፀሐይ ከኋላችን ስትገባ።
ከታጨደ ማሳ ዳር እግሩን ተከልን፣ በድንጋይ ደግፈን፤
ቱቦውን የመንዝ ባና አለበስን፤ እኛ በስስ ጃኬት ቀረን።

የመጀመሪያው ሥዕል ጥቁር። ሁለተኛው ነጭ ገንፎ።
ሦስተኛው ላይ የሆነ ነገር አለ፣ እንደ ወተት ጠብታ ተንሳፍፎ።
ጣቴ ቁልፉን ሲነካ ቱቦው ይርዳል፣ ወባ እንዳለበት፤
«አትንካው፤ አሥር ሰከንድ ስጠውና ራሱ ያንሣ፤ ራቅበት።»
ባትሪው ከብርዱ ደከመ። ብብቴ ውስጥ አቀፍሁት
እንደ ጫጩት፣ እስኪሞቅ። ከዚያ ካሜራው ላይ መለስሁት፤
ጨረቃ የለችም። ከመስኮቱ ወጥታለች፣ ሳትነግረኝ፣ በዝግታ።
መለስኋት። ደግሞ ወጣች፣ ወረፋ እንደሰለቸው ደንበኛ፣ ሳታመነታ።
«እንዳትንቀሳቀሺ!» አመለጠኝ፣ ጮክ ብዬ፣ ከልማዴ።
መምህር ሳቃቸው ገደሉን ሞላ። «እሷ ምን አደረገች፣ ዘመዴ?
የምትሄደው እኮ ምድር ናት፤ አንተን፣ ማሳውን፣ እኔን አዝላ፤
ጥሩምባ የሌላት አይሱዙ፣ ፍሬኗ የላላ።»

ለካ ሃያ ሁለት ዓመት ስቆጣ በርጩማው ራሱ ሲዞር ኖሯል፤
ከሸራው ፊት ከተቀመጡት ሁሉ ማን አንዴ እንኳ ቆሞ ያውቃል?

ይህን ሳስብ የእጅ ባትሪ በራብን። ዱላ የያዙ ሰው፣ ከውሻ ጋራ፤
«ለልኬት ከሆነ በቀን ኑ! ምንድን ነው የጨለማ ሥራ?»
አቶ እንግዳሸት ባለ ሦስት እግር ዕቃ ያዩት አንዴ ነው፣ የታች ማሳቸው ሲለካ፤
ከዚያ ወዲህ ያበቀለው ችካል ነው፣ ቀጥሎም ግንብ፣ ለፋብሪካ።
«ምድሩ አለቀና ወደ ሰማይ ዞራችሁ?» አሉ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው።
ቦታ ለቀቅንላቸው። ጎንበስ አሉ ወደ ካሜራው መስኮት፣ ባርኔጣቸውን ይዘው።
ቆዩ። «ፈንጣጣ ወጥቶላታል» አሉ በመጨረሻ፤
«ይህን የሚያህል መሬት! አንድ ዛፍ የለው፣ አንድ እርሻ።
የማን ነው?» «ባለቤት የለውም» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤
«ቀስ በሉ፤ ይሰማሉ» አሉና ከነውሻቸው ራቁ።

ዘጠና ሰባት አነሣሁ። ዘጠና ስድስቱ ጭጋግ።
በአንዷ ብቻ፣ ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት ጥግ፣
የአንድ ጎድጓዳ ጠርዝ ይታያል፣ ጥላውን ጥሎ፣ ጥርት፤
ትንሽ ብቻ ተጎትቷል፣ በምድር ዙረት።

ጥላዬ በሩ ላይ ሰቅሏታል። ለአቶ እንግዳሸትም አንድ አጥቤአለሁ።
ሰው ሲመጣ አሁንም ኮቷን አለብሳለሁ፣ በርጩማውን አቀርባለሁ፤
«እንዳትንቀሳቀስ» እልና ቁልፉን ሳልጫን ጥቂት እቆያለሁ፤
«በተቻለህ» እላለሁ።