ሰባት ደቂቃ

ዋስትናው ሊያበቃ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤
ላፕቶፑ በበራ በሰባት ደቂቃው ድርግም ይልና ይጠፋል።
አያቃስት፣ አያስል፣ አያስጠነቅቅም፤
ስድስት ላይ አይቸኩል፣ ስምንትን አይቶ አያውቅም።

ቫልዲቪያ ላይ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
ከወንዙ ዳር ገበያ አንድ የባሕር አንበሳ የዓሣ ራስ ይለምናል።
እኔ ማእድ ቤት ነኝ።
የበረደ አተር በፎጣ ጠቅልዬ ከሆዱ ሥር ወተፍኩ፣
እንደ አስታማሚ ሰው ግንባሩን ዳሰስኩ።

የሳንቲያጎው ጥገና ቤት ቅጽ ልኮልኛል፦
«መለያ ቁጥሩን ጻፊ፣ ከጀርባው አለልሽ» ይላል።
ከጀርባው ያለው ግን ቫለስካ አምና የለጠፈችው
ፈገግተኛ ዓሣ ነባሪ ነው።
በጥፍሬ ፈለቀቅኩት። ገላው ተነሣ፤ ጭራው ግን ሙጭጭ አለ፣
ሦስት ይሁን ስምንት፣ አንዱን አኃዝ ከለለ።
በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት። ስምንት ሆኖ ተገኘ።

«ጉድለቱን ግለጪ፣ ከሁለት መቶ ፊደል ሳይበልጥ።»
«ሰባት ደቂቃ ይኖራል» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ልግለጥ?

ቅጂ ማውጣት ቀረኝ። ፍላሹን ሰካሁ።
ቤት ሲቃጠል ምን ይወጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ዛሬ ገብቼ አየሁ።

የመጀመሪያው ሰባት፦ ቫለስካ፣ ጥርሷ የወለቀ ዕለት።
ሁለተኛው ሰባት፦ የእናቴ ዓይን፣ የሐኪሙ ወረቀት።
ሦስተኛው፦ ለአባቷ ጽፌ ያልላክኩት ደብዳቤ፤
ግማሹ መጣ፣ ግማሹ ቀረ።
እሱም እንዲያው ነበረ።

በየመሀሉ ሩብ ሰዓት አስተኛዋለሁ፤ አተሩን አገላብጣለሁ።

አራተኛው የኔ አይደለም።
የአጥማጆች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ የዐርባ ሦስት ቤት ዕዳ
ከልጄ ሥዕሎች ጎን ተኝቷል፣ እንደማይሄድ እንግዳ።
ዳጎቤርቶ ካትሪሌዎ፣ የሞተር፣ ሁለት ክረምት ያለፈው፤
ሞተሩ ወንዝ ገብቷል፤ ዕዳው ዋና ያውቃል፣ ማን ሊያሰጥመው?
ኖርማ አንቲያን፣ የመረብ፤ መረቡን ያ የባሕር አንበሳ ቦጫጨቀው፣
ወለዱን ግን ጫፉንም አልነካው።

ሠላሳ በመቶ። ስድሳ። ሰማንያ አንድ። ድርግም።
አበረድኩ፣ አበራሁ። ሰማንያ አንድ። ድርግም።
ለሦስተኛ ጊዜ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ፤
የሊቀ መንበራችን ጫማ ረጥቦ እንደማያውቅ፣
ምን እንደሆን እንጃ፣ ያን ጊዜ አሰብኩ።
ጣቴን አነሣሁ።

ቅጹ ይቀጥላል፦ «ከመላክሽ በፊት ሁሉንም ደምስሺ።
ቅጂ ካለሽ ሳጥኗ ላይ ጭረት አድርጊ።»
ጫርኩ። እጄ አለመንቀጥቀጡ ነው የገረመኝ።
ለማትረፍ ያልበቃው ሰባት ደቂቃ
ለመደምሰስ ሲሆን በአራት አበቃ።
የተረፉትን ሦስቱን ባዶ ብርሃኑን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ለብረት ወረቀት ዋስ ይቆማል፣ ከነማኅተሙ፤
ለዳጎቤርቶ ግን ማን ቆመ በስሙ?

ማታ የቀለጠውን አተር በሽንኩርት ሠራሁት።
ቫለስካ ዓሣ ነባሪዋን ጠየቀች፤
ጭራ የሌለውን፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት።

በነጋታው አውቶቡስ ተራ። ካርቶኑን በፌስታል ሸፍኜ፣ ዝናቡ እየገረፈኝ፣
ዳጎቤርቶ ቦት ጫማውን እየጎተተ መጣና ተቀበለኝ።
«ሒሳቡ እዚህ ነው?» አለ፣ ክዳኑን መታ መታ አድርጎ።
«ነበር» አልኩ። «ታሟል። ያለው ሁሉ ጠፍቷል።»
ዝም አለ። ረዳቱ ካርቶኑን ከድንች ጆንያ ጎን ሸጎጠው።

«አራት መቶ ሃያ ሺህ ፔሶ ነው» አለኝ፣
ዓይኑን ከአውቶቡሱ ሳይነቅል፤
«ከወለዱ ጋር አራት መቶ ስድሳ አንድ።
ጻፊው፣ እንዳይጠፋብሽ።»