ፊልም በእሳት አደጋ አዳራሽ

ሐሙስ ማታ በሬግዋ፣ በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ፣
ፊልም አለ ተባለ፤ መግቢያው ሦስት ዩሮ፣ ለጡረተኛ ግማሽ።
እኔ ገና ሃምሳ አራቴ ነው፤ ሙሉውን ከፈልኩ።
ትኬት ቆራጯ ጉልበቴን አየት አድርጋ ግማሹን ልትመልስ ስትል
"ተይው" አልኩ።

የፕላስቲክ ወንበር ደረሰኝ፣ ከቀዩ መኪና አጠገብ፤
የውሃው ጎማ እንደጠገበ ዘንዶ ተጠቅልሏል፣ ሳይነቃ ሳይራብ።

ፊልሙ ስለ ሁለት ወንዶች ነው።
አንዱ ራሰ በራ፣ አንዱ ፀጉሩን ጥቁር የተቀባ፤
በሦስተኛው ጓደኛቸው ቀብር ላይ ሳቅ አመለጣቸው፣
ለሰዉ የመሰለው እንባ።
ሟቹ የወይን ማሳ ትቶላቸዋል፣ ከነዕዳው፣ ከነውሻው፤
እነሱ መጠጣቱን እንጂ መግረዙን የት ያውቁና!
ሐረጉ ይተርፋል፣ የሚደማው ጣታቸው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ሙያ ግን አያስተኛም፤
በርሜል ሠሪ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት እንጨትና እሳት ሳስታርቅ የኖርኩ፤
መዶሻ እንዲያ አይያዝም!
ራሰ በራው የበርሜሉን ቀለበት ከታች ወደ ላይ ሲመታው
"ወደ ሆዱ ነው፣ አንተ ጅል!" ልል አፌን ስከፍት
ከኋላዬ ሌላ ሰው ቀድሞኝ አለው።

አወቅሁት። በድምፁ ሳይሆን በሳቁ፣ ከሰው ሁሉ ዘግይቶ በሚመጣው ሳቅ፤
ቀልዱ ካለፈ በኋላ ሁለቴ አስሎ፣ ሦስተኛው ላይ ፍንቅ።
አቢሊዮ።
ዘጠኝ ዓመት በአንድ መንገድ ስንሄድ ጥላችን እንኳ ያልተነካካ፤
የተጣላነው በአንድ በርሜል ነው፤ "ያፈሳል" አለ፣ "አያፈስም" አልኩ፤
ይኸው በርሜሉ ከደረቀ ቆየ፤
እኛ ግን እስከ ዛሬ እናፈሳለን፣ ማንም ሳይለካ።

ዞር አላልኩም። ማጅራቴ ግን ጆሮ አወጣ።
ፀጉረ ቅቡ፣ ሚስቱ መኪናውን ትታ የቡሽ መንቀያውን ይዛበት ስለሄደች፣
ጠርሙስ በጥርሱ ሲታገል ቡሹ ቀረ፣ ጥርሱ ወጣ።
ጥርሱን በመዳፉ ይዞ እያየ፣
"ወይን ሲያረጅ ይጣፍጣል ይላሉ" አለ፤
"ኮምጣጤም እኮ ያረጃል።"
አዳራሹ ሳቁን ጀምሮ መሃል ላይ ተወው።
የጣቢያው አዛዥ ቤላርሚኖ ሲናፈጥ ተሰማ።

መዶሻዬ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ነው የከበደኝ?
በርሜል የሚገዛኝ ቀርቶ
"ለአበባ መትከያ ይሆነናል፣ ለሁለት ክፈልልን" የሚል እንግዳ
መቼ ነው ደጄን የለመደኝ?
ግራሲንዳን "ነገ" ያልኳት ነገር ሁሉ የት ገባ?
ጎረምሳው ማጉያውን ከፍ ሲያደርገው ሐሳቤ ተቋረጠ፤ ደግ አደረገ።

መጨረሻው ላይ የራሳቸውን ወይን ቀዱ።
ጠጡ። ፊታቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨመቀ።
"ግሩም ነው" አለ አንዱ። "ግሩም ነው" አለ ሌላው።
ውሻው አሸተተና ሄደ።

መብራት በራ።
ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ከስቷል፤ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ።
"ቀለበቱን ከታች መታው" አለ።
"ከታች" አልኩ።
በዘጠኝ ዓመት የተናገርነው ይኸው ነው፤ የቀረውን ለሌላ ቀን ዕዳ።

"ና አንድ እንበል" ስለው
"ሐኪሙ ከለከለኝ፤ ከሰኔ ጀምሮ ውሃ ነኝ።"
ዶውሮ ዳር ካለችው መሸታ ቤት ገብተን ሁለት ውሃ አዘዝን፤
አሳላፊዋ ሳቋን በመሀረብ ያዘች፤ በዚህ አገር፣ በዚህ ወር፣ ውሃ!
አቢሊዮ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሳ፣ አሸተተ፣
እንደ ድሮው ጉንጩ ውስጥ አንከባለለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ።
ወንዙ በጨለማው ውስጥ የሰውን ጨዋታ ሳይሰማ ያልፋል።

"በርሜሉ ግን" አለ፣ "ያፈስ ነበር።"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጁን አየሁ፤ ይንቀጠቀጣል።

"ያፈስ ነበር" አልኩት።

አያፈስም ነበር።