የጆንያ አፍ

እግሬ ሸፋፋ ነው፤ አልተመዘገብኩም።
ሐኪሙ ገና ሲያየኝ "ልብስህን ልበስ" አለ፤ አልተከራከርኩም።
ስለዚህ መርፌ ነው የእኔ መሣሪያ፤
ቃጫ ክር፣ ቁራጭ ሰም፣ የጆንያ አፍ መዝጊያ።

ኅዳር ነው። መሐል ሜዳ። የእህል መጋዘን ደጃፍ።
ውርጩ ገና አልለቀቀም ከሰዉ ጆሮ ጫፍ።
ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ጎንበስ ብለው፣ አዝለው፣
ሽሮውን በፌስታል፣ በሶውን በስልቻ ሞልተው፤
ድርቆሽ፣ የገብስ ቆሎ፣ በቅቤ የራሰ ጭኮ፤
አንዷ ባርኖስ ሰጠች፤ የሟች ባሏን እኮ!

"ስም አትጻፍ" አለኝ የቀበሌው ጸሐፊ፣
"ለማን እንደሚደርስ ምን አገባው ሰፊ?
የከተማው ስም ይበቃል፤ እሱንም በቀለም።"
እሺ አልኩት። ልክ ነው፤ ስም እህል አይደለም።

ግን ጆንያ አፍ አለው፤ ሳይሰፋ ያወራል፤
ጎንበስ ላለ ሰፊ የሆዱን ይነግራል።
ከበሶው ሥር አገኘሁ አንድ የበር ቁልፍ፤
ሳልጠይቅ መለስኩት፤ ምሥጢር ነው፣ ይለፍ።
ከድርቆሹ መሐል የደብተር ቅጠል፦
"ጋሼ ወታደር፣ እኔ አራተኛ ወጣሁ ከክፍል።
አንተስ ስንተኛ ነህ?" ይላል በእርሳስ።
እሱንም ሰፋሁት፤ ጥያቄው እዚያው ይመለስ።

ኋላ እትዬ በለጥሻቸው መጣች ብቻዋን፣
በነጠላ ሸፍና የዳቦ ቆሎ ቁናዋን።
"ለአንዱ አይደለም" አለች፤ "ለሁሉም ነው።"
ሠላሳ ሁለት ጆንያ፤ እፍኝ እፍኝ አዳረሰችው።
ቆሎውን አየሁት፤ በቢላ አልተከተፈም፤
እያንዳንዷ ፍሬ ቋጠሮ ናት፤ አንድም አልተዛነፈም።
"ምንድነው?" ስላት፣ "እንግዳሸት ልጄ
ካልተቋጠረ አይበላም ነበር ከእጄ።
ተኳርፈን ነው የሄደው፣ በሙክት ነገር፤
ሳይነግረኝ ሸጦብኝ፣ ተቆጥቼው ነበር።
ክፍለ ጦሩን አላውቅ፣ ቁጥሩንም አላውቅ፤
ጥርሱ ግን ያውቀኛል" አለች፣ ሳቅ እንደመሳቅ።

ያን ቀን ስፌቴን አላጠበቅሁም። የክሩን ጫፍ
ረዘም አድርጌ ተውኩት፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት
እንዲፈታው የጆንያውን አፍ።

ኤንትሬው ጭጋጉን ሰንጥቆ በጣርማ በር ሄደ።
ወሬ የለም። ጾሙ ገባ። በልጉ ወረደ።
ለፋሲካ ሰሞን ደብዳቤ፤ ፖስታው ላይ እንዲህ ነው፦
"ለቋጠሮዋ እናት፤ መሐል ሜዳ።" ሰዉ ሁሉ ማን እንደሆነች ዐወቀው።
መነጽሯ ተሰብሯል። አነበብኩላት፦

"እማዬ፣ ወታደር ዶሌቦ ነኝ፤ አገሬ ሆሳዕና።
ቆሎሽ ጥርስ ይሰብራል፤ ይቅርታ፣ እውነት ነውና!
ሰባት ነን በምሽጉ፤ ዕጣ ጥለን በላን፤
አንዷ ኪሴ ናት፤ ቦታ ስንቀይር እንዳትጠፋን።
አሥር አለቃችን 'ክታብ ነው' ይለናል፤
ፍቺውን ላኪልን፤ መከራከር ታክቶናል።"

"እንግዳሸት የሚል አለበት?" አለችኝ።
"የለም።" "ድገመው።" ደገምኩት። ጉሮሮዬን ያዘኝ።
"ይኼ ዶሌቦ እናት አለው ወይ?" "አይልም።"
ዝም አለች። እኔም ቀና አላልኩም።
"ጻፍ" አለች፦

"ልጄ፣ ሻይ ውስጥ ንከረው፣ ጥርስህን ጠብቀው።
ፍቺ የለውም፤ ልጄ የሚወደው ነው።
ካገኘኸው፣ ረዥም ነው፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፤
'ስለ ሙክቱ እናትህ ትታዋለች' በለው፤ እሱም ይርሳ።"

ዘንድሮም ኅዳር መጣ። መጣች በሁለት ቁና፤
አንዱ ልስልስ ያለ፣ በቅቤ ታሽቷልና።
"ይኼ ለዶሌቦ ጥርስ ነው" አለች። "ያኛውስ?" አልኳት፤ ቋጠሮ።
"ያኛውማ... ያኛው እንደ ዱሮ።"

የጆንያውን አፍ ያዝኩ። ክሩን በምላሴ አራስኩ።
የመርፌው ዓይን ጠበበብኝ፤ ሦስቴ ሞከርኩ።