ይጣራልን

እሪ በከንቱ ላይ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ቧንቧው ያስላል ሌሊት፣ ጉሮሮው ተሞርዶ።
ረቡዕ ነው ፈረቃው። ከሌሊቱ ዘጠኝ
እታፈራሁ መጣች ልትቀሰቅሰኝ፤
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገቱ፣
ቀጥሎ እንደ ወተት፣ በረኪና ሽቱ፣
ቀጥሎ ስም የለው።

ያረጀ ብረት ነው ከመሬት ሥር ቱቦው፣
የሽንት ቤቱ ቦይ ነው ጎን ለጎን የሚያድረው፤
ጎረቤት መቼስ መዋዋስ አይቀርም፣
ያ የሰጠውን ይህ አልቀበልም አይልም።

የደምሰው መንትዮች ሰኞ ዕለት ታመሙ፣
ሐሙስ ተሽሏቸው ቅዳሜ ደገሙ።
«አፍልታችሁ ጠጡ» አሉን ሰዎች መጥተው፤
የከሰሉን ዋጋ ማን ይንገራቸው?

አንድ ልጅ መጥቶ ነበር፣ ጓንት ያጠለቀ፣
በብልቃጥ ቀዳና በረዶ ውስጥ ደበቀ።
ውጤቱ ሲመጣ ቁጥር ነው በሙሉ፤
ጥርት ብሎ የሚደርሰን ቢሉ ነው፤ ቢሉ!

የእኔማ እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ፣
ፒያሳ ቁልቁል ላይ፣ ከሰዓት ሠሪው ደጃፍ፤
በሃምሳ ብር የማሳምር «ይጣራልን» ብዬ፣
የሰፈሬን ጻፍኩት በነጻ፣ ባንድ ጆሮዬ
ቧንቧውን እየሰማሁ።

ኃላፊው አነበበው መነጽሩን ጠርጎ፣
«ይጣራ» አለ በቀይ፣ ማኅተም አሳርጎ።

ይጣራ።
ጉዳዩ እስኪጣራ ፋይል ቤት አደረ፣
ውሃው ሳይጣራ በልጆች ሆድ አደረ።
ዛሬም ረቡዕ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ።
በሬን እየመታች፣ ልትቀሰቅሰኝ፣
እታፈራሁ ብቻ
ትጣራለች።