ባዶ ነው ወይስ ሙሉ?

አሥራ አንድ ቤት አየን፣ ከመስከረም እስከ ጥር፣
በሴቱባል ከተማ፣ ከወደቡ እስከ ምሽጉ አጥር፤
አንዱ ጣሪያ የለው፣ አንዱ ጣሪያ ብቻ፣
አንዱ የሰባት ወራሽ የሠላሳ ዓመት ጥላቻ፤
አንዱን ደላላው «ምቹ ነው» ሲለን፣
ለመሳቅ እንኳ ወደ ውጭ መውጣት ነበረብን።

አባቴ ቤልሚሮ ለሳኝ ነው፤ አርባ ዓመት ግድግዳ ያለበሰ፣
የኖራው ብናኝ ከጥፍሩ ሥር እስከ ዛሬ ያልታበሰ።
ሰው «እንዴት አደራችሁ» እንደሚል፣ እሱ ግድግዳ ያንኳኳል፤
ደህናው ግንብ ድፍን ይላል፣ የለቀቀው ልስን ባዶ ይጮኻል።
ገጣሚ ቤት እንደሚመታ፣ አባቴም ቤት ይመታል፤
የተመታ ቤት ደግሞ እስከ መቼ ይዋሻል?

ዘንድሮ ግን ጆሮው ከዳው፤ ድምፅ የሚበላ ጉም ገባበት፣
መትቶ ወደ እኔ ይዞራል፣ አስተርጓሚ እንደጠፋበት፦
«ቫኒያ፣ ምን አለ?
ባዶ ነው ወይስ ሙሉ?»
እኔ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የማውቀው የሞተር ሳል፣
ግድግዳ ምን ብሎ ያውቃል? «ሙሉ» አልኩት፣ እንደ ፈሪ ምስክር ቃል።
መዳፉን ግንቡ ላይ ለጥፎ በሌላው እጁ መታና፣
«ዋሽተሻል» አለኝ ፈገግ ብሎ፤ በቆዳው ሰምቶታልና።

አሥራ ሁለተኛዋ፣ ከተዘጋው የሰርዲን ፋብሪካ ጀርባ፣ ጠባብ ቤት ባለ አንድ ፎቅ፣
የበሯ ቀለም የዓሣ ቅርፊት፣ በጥፍር ሲነኩት ፍቅ፤
ከላይኛው መስኮት ሥር የበለስ ዛፍ በቅሎባታል፣
ግንቡን የሰነጠቀው ሥር ያንኑ ግንብ ደግፎታል።
«ብትነቅሉት ይፈርሳል፣ ብትተዉትም ይፈርሳል» አለ መሐንዲሱ፤
ሠላሳ ሁለት ገጽ ነበር፣ አራት መቶ ዩሮ ያስከፈለን መልሱ።

ባንክ ለታመመ ቤት አያበድርም፤
«ከታደሰ በኋላ ነይ» አለችኝ ወይዘሮ ኦዴቴ፤
ሳልገዛው እንዴት እንደማድሰው ግን አልነገረችኝም።
የዘጠኝ ዓመት የሌሊት ፈረቃዬን ቆጠርኩ፤ ቆጠርኩ፤ አልሞላም።
አባቴ የሥራ መኪናውን ሸጠ፤ መሰላሉን ግን አልሸጠም።
«እሱ ለቤትሽ ነው» አለ። ቤት ገና አልነበረኝም።

ከፊርማው በፊት በነበረው ቀን ብቻዬን ፎቁ ላይ ወጣሁ።
ከታች አባቴ የዛገ ቧንቧ ሲሳደብ ሰማሁ።
ጨለማ ነው፤ የርግብ ኩስ፣ የጨው ሽታ፣
በጣቴ አንጓ፣ እንደ እሱ፣ ቀስ ብዬ ስመታ፣
ኳ፤ ድፍን።
አንድ ክንድ አለፍ ብሎ፣ ኳ፤ ባዶ።
እንደገና፤ ባዶ።
በለሱ ጋ ስደርስ ግን ድምፁ ሙሉም አይደል፣ ባዶም አይደል፣
የሆነ ሰው ውስጡ ሆኖ፣ «ልክፈት ወይስ ልተወው» የሚል ይመስል።

ወርጄ ለአባቴ ነገርኩት፣ ጮኬ፣ ወደ ጆሮው ተጠግቼ፤
«ከግማሽ በላይ ባዶ ነው» አልኩት፣ ሳልዋሽ፣ ግን ፈርቼ።
«እንሞላዋለን» ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለም።
«ብዙ ነው» አለ፤ «ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም።»
ከዚያ መሰላሉ የት እንደሚቆም በዓይኑ ይለካ ጀመር።

የካቲት ላይ ፈረምን። የዚያን ሌሊት ዘነበ።
ሦስት ባልዲ፣ አንድ ድስት፣ ያለን ዕቃ ሁሉ ተሰበሰበ።
ጎረቤታችን እቴልቪና፣ ሰርዲን በቆርቆሮ ስታሽግ ያረጀች፣
የተጠበሰ ዓሣ በሰሃን ይዛ መጣች፣ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣
«የቀድሞው ባለቤት ስድስት ባልዲ ነበረው» ብላ ሄደች።

መብራት የለም። አባቴ በዚያኛው ክፍል፣ እኔ በዚህኛው፣
በመካከላችን ግድግዳው፤ የሱ የሥራ ዘመን፣ የኔ የባንክ ዕዳው።
መዳፉን እንደሚለጥፍ አውቃለሁ፤ ልማዱ ነው ከመተኛቱ በፊት።
ሦስት ጊዜ መታሁ፣ ሳላስብ፣ በባዶው ቦታ ፊት ለፊት።
ቆየ።
አራት ጊዜ መለሰ።
ወይ ቆጠራው ተሳስቶበታል፣
ወይ አንዱ ከጣሪያው የፈሰሰ።