ልክ

ከመሬት በታች ነው፣ ከጫማ ጠጋኙ ሥር፤
አሥራ ሰባት ደረጃ፣ አንድ አጭር የብረት በር።
ግላስጎው ዘንቦባታል። ካፖርት በካፖርት ላይ፤
ጣሪያው አንድ ስንዝር ነው፣ ከመላጦቹ በላይ።

ቲኬቱ የወንድሜ ነው። እግሩን ሰብሮ ተኛ፤
በእሱ ፈንታ መጣሁ፣ ሳቅ የማያውቅ ዳኛ።
«ከፊት እንዳትቀመጥ» አለኝ፣ «ደብቅ መልክህን፤
ሼና ለፊተኛው ሰው ትነግራለች ልክ ልኩን።»
ሦስተኛው ረድፍ ገባሁ፣ ከሰፊ ትከሻ ኋላ፤
ቢራዬን ታቅፌ፣ ሆኜ የሰው ጥላ።

ወጣች።
አጭር ናት፤ የወንድ ሱሪ የለበሰች፤
ማይክራፎኑን ከእግሩ እንደ ጥርስ ነቀለች።
ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ከቄሱ ጀመረች፤
ቄሱን ሳትጨርስ ከንቲባውን ደረበች፤
ከከንቲባ ወደ አልጋ፣
ከአልጋ ወደ አስከሬን፣ ፍሬን የሌለው አደጋ።
አንዱ ተቆጥቶ ወጣ፣ ባርኔጣውን ትቶ፤
«ራሱን ረስቶ ሄደ» አለች፤ ቤቱ ሳቀ ተንጫጭቶ።

ከዚያ ስለ አባቷ፦
«ቋጣሪ ነበረ፣ ሳንቲም የሚያስጨንቀው፤
በጥር መጨረሻ ሞተ፣
አከራዩ የየካቲት ኪራይ እንዳይጠይቀው።
አሥራ ሁለት ዓመት ተኳርፈን፣ አንድ ቀን አልጠየቅሁት፤
ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነው ዝም ሲል ያየሁት።»

ሳቅሁ። አልዋሽም፣ ሳቅሁ፤ ቢራው ወጣ ባፍንጫዬ፤
ከዚያ አፈርኩ፤ መሐረብ ፈለግሁ ከጉያዬ።

ከፊት ረድፍ፣ ከዳር፣ አንድ ሽማግሌ አለ፤
ጥቁር ክራቫት ያሰረ፣ ፊቱን ቆልፎ ዝም ያለ።
አየችው።
«አንቱ ባለ ክራቫት፣ ጥርስ ረስተው ነው የመጡት?
ይንገሩኝ፣ ሥራዎ ምን ቢሆን ነው ፊትዎን ያጡት?»

«ቀባሪ ነኝ» አለ።

ቤቱ ፈነዳ። እሷ እጇን ወደ ሰማይ፦
«ጌታዬ፣ ልደቴ ነው እንዴ? ስጦታ ላክህልኝ ወይ!
በሉ ይምረጡ፣ ይኸው፣ ቤት ሙሉ ደንበኛ፤
ያ ቢራ ባፍንጫው የሚጠጣ፣ እሱ ነው ተረኛ።»
(ጣቷ ወደ እኔ ነው። ወንድሜ፣ ሦስተኛው ረድፍም ፊት ነው።)

ሽማግሌው ጠበቀ፣ ሳቁ እስኪወርድ ድረስ፤
ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ሰው አንሶላ እንደሚያለብስ፦
«ታሎክ እባላለሁ። አባትሽን ያጠብኩት፣
ጢሙንም ላጭቼ ልብሱን ያለበስኩት
እኔ ነኝ። ልኩን የወሰድኩትም።
ያን ቀን ቀና ብለሽ አላየሽኝም።»

አምፖሉ ሲያንሾካሹክ ተሰማ። በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ
በረዶ ተሰነጠቀ።
ልክ ልክ ስትነግር የኖረች ምላስ ልክ ወሳጅ ፊት ቆመች፤
መልስ አጥታ በጥርሶቿ መካከል ተጋደመች።

«ኮት ኪሱ ውስጥ» አለ፣ «ሰባት ቲኬት አገኘሁ፤
የዚሁ ቤት፣ የአንቺው። አንድ በአንድ አየሁ።
ሁሉም የጡረተኛ ናቸው፣ የመጨረሻ ረድፍ፣ በግማሽ ዋጋ።»

«በግማሽ?»
«በግማሽ።»
«ለዚህ ነዋ» አለች፣ «ከኋላ ጨለማው ውስጥ
ግማሽ ሳቅ የምሰማው!»
ማንም አልሳቀም። ነርሷ ብቻ፣ አንዴ፣ ሳታስበው።

«ስምንተኛው የዛሬ ነው።» ከኪሱ አወጣው፤
ጠርዙ የረጠበ፣ አራት ቦታ ያጠፈው።
«ቢባክን ይቆጨው ነበር ብዬ መጣሁ በስሙ።
ይሄ ግን የፊት ወንበር ነው። የከፈለውም ሙሉ።»

«ሙሉ?» አለች።
መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን አንጠልጥላ፣
ማይኩን ጭኗ ላይ ጥላ።
ስንት ጊዜ እንደቆየች አላውቅም። ቢራዬ ሞቀ።

በኋላ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤
«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?» ብላ ጮኸች፤
«ይሳቁ እንጂ ሰውዬ! ተከፍሎበታል!»

ታሎክም ሳቀ። ሳቁ አያምርም፣
የዛገ መሳቢያ ነው፣ ሳይሳብ የከረመ፤
ሲከፈት ግን ቤቱን ሁሉ ይዞ ቆመ።

ደረጃውን ስወጣ ያ የተቆጣው ሰውዬ
በዝናቡ ውስጥ ቆሟል፣ ራሱን ገልጦ፣
ባርኔጣውን መጠየቅ አፍሮ፣ ግድግዳ ተደግፎ።
«ምን አመለጠኝ?» አለኝ።
ከየት ልጀምርለት?
ወደ ታች ተመለስኩ፣ አሥራ ሰባቱን ደረጃ፣
ባርኔጣውን ላመጣለት።