ካርቶኑ

ሪባን የተቆረጠ ዕለት ጭብጨባው ደመቀ፤
በምዕራብ በኩል መስታወቴ ከሰማይ ጋር ሳቀ።
"ዘመናዊ!" አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው፤
ቁልፉን አስረክቤ ዞር አልኩ ከፊታቸው።
(ሪባን የሚቆረጠው ሁልጊዜ ጠዋት ነው።)

ሦስት ዓመት አለፈ።
አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣
የሠራሁት ጤና ጣቢያ ወደ አዘዞ ሳበኝ።
በቦርሳዬ ቴርሞሜትር፣ ሜትርና ደብተር፤
በሆዴ ትንሽ ኩራት፣ ከፍርሃት ጋር ሲማከር።

መስታወቱ የለም።
አለ እንጂ፣ አይታይም፤ ካርቶን ለብሶ ቆሟል፤
የዘይት፣ የሳሙና፣ የብስኩት ስም አዝሏል።
"ማን ነው የለጠፈው?" ብዬ ጮኽኩ በቁጣ፤
ፈንታነሽ፣ ጽዳቷ፣ ቀና አለች ሳትቆጣ፦
"እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ቁጭ በይ፤
ከዚያ ወዲያ ቁጣሽ ይቆይ አይቆይ፣ እንይ።"

ቁጭ አልኩ።
ሲደርስ አንዱን ካርቶን ነቀልኩ፤ ፀሐይዋ ገባች፤
አግዳሚው ላይ ያለች እናት ልጇን ሸፈነች።
ሠላሳ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አራት ተኩል።
ቀዩ መስመር ወጣ፣ ሳይሳሳት፣ ሳይቸኩል።
ወረፋው ተነሣ፣ አንድ ባንድ ሸሸ
ወደ ደረጃው ሥር፣ በቀን ወደመሸ።
በወረቀት ላይ "ደረጃ" ያልኩት ያ ጨለማ
ተራ መጠበቂያ ሆኗል፣ እኔ ሳልሰማ።

ፈንታነሽ ደብተር የላትም፤ ግን ቆጥራለች፦
"በቀን አሥራ ሁለት ሰው 'ላቦራቶሪ ወዴት ነው?' ይለኛል፤
ያንቺን ቀስት ማን ያነባል? የኔ ጣት ይሻላል።
ሐምሌ ሲመጣ ኮሪደሩ ዝናብ ይጠጣል፤
አንዲት አራስ አዳልጧት..." ዝም አለች። ያን ማን ይቆጥራል?

ጻፍኩ። አሥራ ሁለት። ሐምሌ። አራስ።
"አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ" ይላል የአናጢ ምክር፤
እኔ የለካሁት መሬቱን ነው፤ ሰውን አልነበር።

በኅዳር ማራኪ ላይ ስብሰባ ተጠራን፤
አዲስ ማዋለጃ፤ ባጠረች ገንዘብ ተሟገትን።
ኮንትራክተሩ አቶ ውበቱ፦ "መስታወት ይሁን ፊቱ፤
ቶሎም ያልቃል፣ ርካሽ ነው፣ ከሩቅ ይታይ ውበቱ።"
እኔ ንድፍ አላወጣሁም። ከቦርሳዬ ስቤ
ያን የዘይት ካርቶን ዘረጋሁ፦ "ይኸው ሐሳቤ።
ይህ የመጋረጃ ዋጋ፣ ይህ የአራሷ ስብራት፤
ይህ ቀኑን ሙሉ የሚዞር የማራገቢያ መብራት።
የሕንፃ ዋጋ ሪባን ሲቆረጥ አይቆረጥም፤
ሰው ሲኖርበት ነው፣ በዝናብም በፀሐይም።"

ግንበኛው ከጥግ ካርቶኑን አገላብጦ፦
"አባቴ ድንጋይ የሚያኖር ነፋሱን አዳምጦ ነበር፣" አለ ተቀምጦ፤
"የኔም ስም እንየው ነው። በሉ፣ ከቦታው፣ እንየው!"

ወጣን።
በኖራ መሬቱ ላይ ክፍሎቹን አሰመርን፤
ችካል ተክለን የጥላውን ጉዞ ስንከተል ዋልን።
ሲስተር ትርንጎ ከሆስፒታል አልጋ አስመጣች፣
ባሰመርነው ኮሪደር ውስጥ እየገፋች ሄደች።
ማዕዘኑ ላይ ቆመች። "አይዞርም" አለችን።
እንየው በጫማው ኖራውን ደመሰሰ፤
ግድግዳው ሁለት ክንድ ወደ ኋላ ተመለሰ።
አቶ ውበቱ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ስሌቱን ጀመረ፤
በእግር የፈረሰ ግድግዳ ስንት ብር አስቀረ?

ሥራው ሲያልቅ ሪባኑ በዘጠኝ ሰዓት ይሁን አልኩ፤
ሳቁብኝ፤ ግን ሆነ። ፈንታነሽንም ጠራሁ።
አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን ሳትከናነብ፤
ብዙ ቆየች። ላብ የለም። ጣራው ይተነፍሳል።
ምስጋና ስጠብቅ፣
"ያ በር" አለች፣ "ሲዘጋ ይጮኻል፤
የተኛ ሕፃን ይቀሰቅሳል።"

ደብተሬን አወጣሁ።
በሩ።